ጎንዶር ጎንደር አይደለም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ለሕፃናት ስም አወጣጥ የተነገረ ነው። ለልብ ወለድ ግን አይሠራም። በልብ ወለድ ውስጥ የሚገኝ ስም ሁሉ፣ የሰውም ይሁን የተራራ፣ የጎራዴም ይሁን የፈረስ፣ ከደራሲው እጅ የወጣ ሥራ ነው። ሥራ እንደ መሆኑም ይመረመራል፤ ይመዘናል፤ ይተቻል። በተለይ ፋንታሲ በሚባለው የምናብ ልብ ወለድ ዘርፍ ዓለሙ ራሱ ከመሠረቱ የተፈጠረ በመሆኑ፣ አንባቢው ወደማያውቀው አገር ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው ስም ነው። ስሙ ሥር ከሌለው አገሩም ሥር የለውም።

በአማርኛ የምናብ ዓለም ለመፍጠር የሚነሡ ደራስያን ባሉበት በዛሬው ጊዜ ይህ ጉዳይ እንደ ትርፍ ጨዋታ ሊታይ አይገባውም። ምክንያቱም በፈጠራ ስሞች ዙሪያ ሦስት ደዌዎች ሥር እየሰደዱ ነው። አንደኛው፣ ማስረጃ የሌለው ኩራት ነው። ሁለተኛው፣ በስም ተሸፍኖ የሚመጣን ንቀት ሳይመረምሩ መቀበል ነው። ሦስተኛው፣ የሌላውን ድምፅ መኮረጅን እንደ ፈጠራ መቁጠር ነው። ሦስቱም የሚመነጩት ስም እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ ነው።

ከመጀመሪያው ደዌ እንነሣ ቢባል ምሳሌው ቅርብ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅና ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን (1892–1973 እ.ኤ.አ.) በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» በተሰኘው ድርሰቱ ውስጥ ጎንዶር የሚባል መንግሥት አለ። መንግሥቱ የድንጋይ ግንብ፣ የጥንት ነገሥታት የዘር ሐረግና የከበረ ያለፈ ዘመን አለው። ይህን የሚያነብ ወይም በፊልም የሚያይ ኢትዮጵያዊ ጆሮው ወዲያው ወደ ጎንደር ቢሄድ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው ጆሮ የጠረጠረውን አፍ እንደ ታሪክ ሲያውጅ ነው። «ጎንዶር ማለት ጎንደር ነው፤ ግንቡም የፋሲል ግንብ ነው፤ ፈረንጁ ከኢትዮጵያ ወሰደው» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል በአራት ማስረጃዎች ፊት ይወድቃል።

አንደኛው ማስረጃ የስሙ ትርጉም ነው። ቶልኪን ጎንዶር የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ በፈጠረው ሲንዳሪን በተባለ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ጎንድ» ድንጋይ፣ «ዶር» ደግሞ ምድር ወይም አገር ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ የድንጋይ አገር የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ስሙ ከቋንቋው ሕግ የተወለደ ነው፤ ያለ ውጭ እርዳታም ሙሉ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ዕድሜው ነው። ድንጋይን የሚያመለክተው ይህ ሥር ጎንዶሊን በተባለችው ምናባዊ ከተማ ስም ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል። የጎንዶሊን ውድቀት ታሪክ የተጻፈው በ1916 እና በ1917 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። የጎንደር ስም በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ የወጣው ግን ከ1935 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ልጅ ከአባቱ ቀድሞ አይወለድም።

ሦስተኛው ማስረጃ ረቂቁ ነው። ክሪስቶፈር ቶልኪን ከአባቱ ሞት በኋላ አደራጅቶ ያሳተማቸው ረቂቆች እንደሚያሳዩት፣ ይህ መንግሥት በመጀመሪያ የተጠራው «ኦንድ» ተብሎ ነበር፤ ቀጥሎም «ኦንዶር» ሆነ፤ ጎንዶር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ከጎንደር ተወስዶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚገኘው «ጎ» እንጂ «ኦ» ባልሆነ ነበር።

አራተኛው ማስረጃ የደራሲው ቃል ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. አንድ ጠያቂ ስለዚሁ መመሳሰል ጽፎለት ነበር። ቶልኪን በመልሱ፣ ከዚያ ደብዳቤ በፊት ጎንደር የሚለውን ስም መስማቱን እንደማያስታውስ ገለጸ። ሥሩን ያገኘበትንም ተናገረ፦ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ባነበባት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከኬልቶች በፊት በብሪታንያ ይነገር ከነበረው ቋንቋ ቀረ የተባለው ምናልባት ድንጋይ ማለት የሆነው «ኦንድ» ብቻ እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር። ይሁንና ቶልኪን በሩን ጨርሶ አልዘጋም። የሰው አእምሮ የሰማቸውን ስሞች ከሥር እንደሚያከማችና በኢጣሊያ ጦርነት ጊዜ ስሙ የተነሣው ጎንደርም ከነዚህ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል፤ ሆኖም ጎንድዋና ከተባለው የሥነ ምድር ስም የበለጠ ድርሻ አልሰጠውም። ይህ የሐቀኛ ሊቅ መልስ ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ቃል «ሆኗል» ብሎ መተርጎም ግን ሐቀኝነት አይደለም።

አንዳንዱ «ታዲያ ይህ ምን ጉዳት አለው? ደስ ካለን ምን አለ?» ይል ይሆናል። ጉዳቱ ሁለት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻ ያደረጋት፣ ግንቦቿም በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩላት ጎንደር፣ ክብሯን ለማስመስከር የሌላ አገር ተረት ጥላ አያስፈልጋትም። ከተማዪቱን የልብ ወለድ ምንጭ በማድረግ አከበርናት የሚሉ ሰዎች ሳያውቁት የሌላው ታሪክ ቅጥያ ያደርጓታል። ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። «ከዚህ ተወሰደ» ያለ ሰው ምርመራውን እዚያው ያቆማል። ያ ስም በየትኛው የቋንቋ ሕግ እንደ ተሠራ፣ ለምን እንደሚያምር፣ ተመሳሳዩን በአማርኛ እንዴት መሥራት እንደሚቻል አይጠይቅም። ባዶ ኩራት የዕውቀትን በር የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሲባል ከኢትዮጵያ የተወሰደ የልብ ወለድ ስም የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ማስረጃም አለው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ በኢትዮጵያ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስለ ተዘጋ ልዑል ይተርካል። የልዑሉ ስም ራሴላስ ነው፤ መጽሐፉንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ይህ ስም ከየት መጣ? ጆንሰን በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይጠቀሳሉ፤ ነገር ግን «ራስ» የሚለው ማዕርግና «ሥዕለ» የሚለው ስም ተጣብቀው «ራሴላ» ተብለው ተጽፈዋል። ማዕርጉ የት እንደሚያበቃ፣ ስሙ የት እንደሚጀምር ያልለየው ጆሮ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ደራሲውም ከዚያ ላይ አንድ «ስ» ጨምሮ ልዑል ወለደ።

በጎንዶርና በራሴላስ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ክርክር ዋና ትምህርት ነው። በራሴላስ ዘንድ የተወሰደበት መጽሐፍ ይታወቃል፤ ወሳጁ መጽሐፉን በእጁ መያዙ ይታወቃል፤ ስሙ የተበላሸበት መንገድም ይታያል። በጎንዶር ዘንድ ያለው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። መመሳሰል የምርመራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ደግሞስ ቶልኪንን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ እውነተኛ ሰነድ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሰነዱ በሌላ ቦታ ይገኛል፤ ሲገኝም ለጭብጨባ የሚያመች አይደለም። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል ባሳተመው ጥናት፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ኢትዮጵያውያን ይጠሩበት የነበረውን «ሲየልሄአርዋን» የሚለውን ስም መርምሯል። የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ፀሐይን ወይም ዕንቍን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሰልን ከሚያመለክት የቆየ ሥር ጋር የሚዛመድ መሆኑን ገመተ። በመጨረሻም ስሙ በመጀመሪያ የሰው ዘር ስም ሳይሆን፣ ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ዓይናቸው ፍም የሚተፋ የእሳት ፍጡራን ስም ሳይሆን እንዳልቀረ አሰበ። በኋላ የተነሡ አጥኚዎች በድርሰቶቹ ውስጥ የሚገኙትን ባልሮግ የተባሉ የእሳት አጋንንትና የፀሐይ ብርሃን የመሰለ ብርሃን ያቀፉትን ዕንቍዎች ከዚህ ጥናት ጋር ያያይዟቸዋል።

ጥናቱ የቋንቋ ሊቅ ጥናት ነው፤ በመሳደብ አይከሰስም። ነገር ግን ነገሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግሪኮች «የተቃጠለ ፊት» በሚል ቃል የጠሩት ሕዝብ በሰሜን አውሮፓ ስሙ ተለወጠ፤ ስሙ ከሕዝቡ ተነጥሎ ወደ ተረት ገባ፤ ከተረቱም ጥቁር የእሳት ጋኔን ለመውጣት ተቃረበ። በዚሁ ደራሲ ዓለም «ሃራድ» ማለት ደቡብ ማለት ሲሆን፣ የሩቅ ሃራድ ጥቁር ሰዎች በጦርነቱ ውስጥ ከክፉው ወገን ተሰልፈው ይታያሉ፤ መልካቸውም ከአውሬ ጋር ተነጻጽሯል። ጎንዶርን ያገኘ ኩሩ ጆሮ ሃራድን ለምን አልሰማም? ክብር የሚመስለውን ብቻ መርጦ መስማት ሂስ አይባልም።

ሁለተኛው ደዌ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ስም የሚሸከመው ትርጉም ብቻ አይደለም፤ ፍርድም ይሸከማል። አሜሪካዊው ሮበርት ሃዋርድ ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጽሔት ባወጣቸው የኮናን ታሪኮች ውስጥ ከታሪክ በፊት ነበረ ያለውን ዓለም ሲፈጥር፣ በደቡብ ለደረደራቸው ጥቁር መንግሥታት ኩሽና ፑንት የሚሉ ስሞችን ሰጥቷል። ኩሽ በአባይ ሸለቆ በናፓታና በሜሮዌ መናገሻዎቹን የተከለ፣ ነገሥታቱም ግብፅን እስከ መግዛት የደረሱ እውነተኛ መንግሥት ነው። ፑንት የግብፅ ንግሥት ሐትሸፕሱት ዕጣንና ከርቤ ለማምጣት መርከብ የላከችበት፣ ይህም ጉዞ በመቅደሷ ግድግዳ ላይ የተቀረጸለት እውነተኛ አገር ነው። ደራሲው ስሞቹን ወሰደ፤ ታሪካቸውን ግን አራግፎ ጣለ። በባዶው ስም ውስጥም የራሱን ዘመን የዘር ንቀት ሞላበት። ይህ ፈጠራ ሳይሆን ዘረፋ ነው፤ የተዘረፈውም ስሙ ብቻ ሳይሆን በስሙ ውስጥ የነበረው ክብር ጭምር ነው።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. «ፈረሱና ልጁ» በተባለው የልጆች መጽሐፉ ውስጥ ካሎርመን የሚባል የበረሃ ግዛት ያሳያል። ስሙ ሙቀት ከሚለው የላቲን ቃል ጋር ይዛመዳል። ነዋሪዎቹ ጥምጥም የሚጠመጥሙ፣ ቆዳቸው የጠቆረ፣ ባሪያ የሚሸጡ፣ አምላካቸውም ክፉ ተደርገው ተስለዋል። በአንጻሩ የመጽሐፎቹ ሁሉ የበላይ የሆነው ቅዱስ አንበሳ አስላን ይባላል፤ ይህም በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። ምሥራቁ ለአንበሳው ስም ሰጠ፤ ለሕዝቦቹ ግን ፌዝ ተመለሰላቸው። መምህራን እነዚህን መጻሕፍት ከተማሪዎች እጅ መንጠቅ የለባቸውም፤ ይህን ሒሳብ ሳያሳዩ ማስነበብም የለባቸውም።

የንቀት ስም ግን የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ብዙ ሕዝቦች ራሳቸውን በማይጠሩበት ስም ለዘመናት ተጠርተዋል። ራሳቸውን ቤተ እስራኤል የሚሉት ወገኖች ፈላሻ ተብለው መቆየታቸው ይበቃል ምሳሌ። እንግዲህ አንድ የአማርኛ ደራሲ የምናብ ዓለሙን ሲያቆም፣ ጀግኖቹን በግዕዝ አስጊጦ፣ አውሬዎቹንና ሽፍቶቹን ግን ከሩቅ ጠረፍ ቋንቋ በሰማው ድምፅ የሚጠራ ከሆነ፣ ሃዋርድ በኩሽ ላይ የሠራውን በወገኖቹ ላይ ይሠራል። ሃዋርድን የሚወቅስ ብዕር በመጀመሪያ የራሱን ቀለም ይመርምር።

ሦስተኛው ደዌ ኩረጃ ነው። በትርጉም ፊልምና በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያደገ ወጣት ደራሲ፣ ለጀግናው «ዛንዶር»፣ ለንግሥቲቱ «ላሪኤል» የሚል ስም ሲያወጣ አዲስ ዓለም የፈጠረ ይመስለዋል። ነገር ግን «ላሪኤል» ምን ማለት ነው? በቶልኪን ቋንቋ «ኢኤል» የሴትነትና የልጅነት ምልክት ነው፤ ቲኑቪኤል የተባለችው ልዕልት ስሟ የማታ ብርሃን ልጅ ማለት ነው። በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ግን በ«ኤል» የሚያበቃ ስም ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ሩፋኤልን ያስታውሳል። ደራሲው የጫካ ንግሥት አመጣሁ ሲል አንባቢው ሊቀ መላእክት ይሰማል። የሌላውን ቤት ቁልፍ ሰርቆ የራሱን በር ሊከፍት የሚሞክር ሰው የሚገጥመው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። «ቶልኪንስ ራሱ አልተዋሰም ወይ?» ይላል። ተውሷል። በ1937 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሆቢት» ውስጥ ያሉት ድንክዬዎች ስማቸው በአብዛኛው የተወሰደው ከጥንታዊ ኖርስ ግጥም ውስጥ ከሚገኝ የድንክዬዎች ዝርዝር ነው። ጋንዳልፍ የሚለውም ስም ከዚያው የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በትር የያዘ ኤልፍ እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ጋንዳልፍ የተባለው የድንክዬዎቹ አለቃ ነበር፤ ጠቢቡ ሽማግሌ ሌላ ስም ነበረው። ደራሲው የስሙን ትርጉም ስለሚያውቅ በትሩን ለሚገባው ሰው አዛወረው። የፈረሰኞቹን አገር ሰዎች ደግሞ ፈረስ በሚል ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምሩ ስሞች ጠራቸው፤ የንጉሣቸው የቴዎደን ስም በዚያው ቋንቋ ጌታ ማለት ነው። እንግዲህ ቶልኪን የተዋሰው ከራሱ ቋንቋ አያቶችና ዘመዶች፣ የሚዋሰውን አውቆ ነው። ኮራጁ የሚዋሰው ግን ከቶልኪን ነው፤ የሚዋሰውንም አያውቀውም።

ሌላው ተከራካሪ ደግሞ «አንባቢ መዝገበ ቃላት ይዞ አያነብም፤ ስም በጆሮ ካማረ ይበቃል» ይላል። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ሌጉዊን ስሞቿን የምታገኘው በማዳመጥ እንደ ሆነ ተናግራለች። ነገር ግን የሰለጠነ ጆሮ ራሱ ሕግ አለው፤ አንዱን ድምፅ ተቀብሎ ሌላውን የሚጥለው በዚያ ሕግ ነው። አንባቢም ትርጉሙን ባያውቅ ሥርዓቱን ያውቃል። የአንድ አገር ስሞች እርስ በርሳቸው ሲዛመዱ አገሩን ያምነዋል፤ አንዱ ከአረብ፣ አንዱ ከላቲን፣ አንዱ ከየትም ተለቃቅሞ ሲደረደር ግን ገበያ እንጂ አገር አያይም።

ታዲያ የአማርኛ ደራሲ ምን ሀብት አለው? ሀብቱ ከበቂ በላይ ነው፤ የጎደለው ጎተራውን የሚከፍት እጅ ነው።

የመጀመሪያው ሀብት ስም ዐረፍተ ነገር የሆነበት ባህል ነው። ስንታየሁ፣ ሽፈራው፣ ማንያዘዋል፣ አትንኩት የሚሉት ስሞች ባለቤትና ግሥ ያላቸው፣ የወላጅን ደስታ፣ ሐዘን፣ ዛቻና ተስፋ የሚናገሩ ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። የእንግሊዝኛ አንባቢ ቴዎደን የሚለውን ስም ለመረዳት ሊቅ መጠየቅ አለበት፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ስንታየሁ ሲባል ገና ሳይተዋወቅ የሰውዬውን ቤት ታሪክ ይገምታል። የአማርኛ ልብ ወለድም ይህን ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ «ጉዱ ካሣ» ሲሉ፣ ኅብረተሰቡ በአንድ አዋቂ ሰው ላይ የፈረደውን ፍርድ በአንዲት ቅጽል ጨርሰውታል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ላሳተመው ልብ ወለድ «አደፍርስ» የሚል ስም ሲሰጥ፣ ባለታሪኩ የረጋውን ሊያናውጥ እንደ መጣ ከሽፋኑ ላይ ተናግሯል።

ሁለተኛው ሀብት የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። አንድ ጦረኛ የልደት ስሙን ትቶ በፈረሱ ስም ሲጠራ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ስሙም የጦርነቱ ዓላማ ይሆናል። ቶልኪን ለፈረሰኞቹ ከጥንት መጻሕፍት ቆፍሮ ያወጣውን ነገር የኢትዮጵያ ደራሲ በአያቶቹ ፉከራ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ሀብት ከሁሉ የጠለቀ ነው። በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቍጥር «አስማት» ነው። ይኸው ቃል በአማርኛ ድግምትንና ምትሃትን የሚያመለክት ሆነ፤ ምክንያቱም በክታብና በድርሳን ላይ የሚጻፈው ኃይል ያለው ነገር ኅቡእ ስም ነበርና። ሌጉዊን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የምድረ ባሕር ጠቢብ ታሪክ፣ የሰው እውነተኛ ስም ተሰውሮ እንደሚጠበቅና ስሙን ያወቀ በባለቤቱ ላይ ሥልጣን እንደሚያገኝ ጽፋለች፤ ጀግናዋም በአደባባይ ጭልፊት ሲባል እውነተኛ ስሙ ጌድ ነው። የዓለም አንባቢ በዚህ ሐሳብ ተደንቋል። በኢትዮጵያ ግን የክርስትና ስሙን ለእንግዳ የማይናገር፣ በዓለም ስሙ ብቻ የሚጠራ ሰው ሞልቷል፤ መድኃኒት አዋቂና ደብተራ ስሙን እንዳያውቅበት የሚጠነቀቅም አለ። ምትሃትና ስም አንድ ቃል የሆኑበት ቋንቋ ባለቤት የምናብ ልብ ወለድ ለመጻፍ «ላሪኤል»ን መለመኑ ከሰም ፋብሪካ አጠገብ ተቀምጦ ጧፍ እንደ መለመን ይቈጠራል።

አራተኛው ሀብት የቋንቋ ደርብ ነው። ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው ወይስ የአክስት ልጅ የሚለው የሊቃውንት ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ለአማርኛ አንባቢ ግዕዝ የሚሰማው እንደ ሩቅ ዘመድ ድምፅ ነው፤ ግማሹን ይረዳዋል፣ ግማሹን ያከብረዋል። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ለቶልኪን ያገለገለው በዚሁ ቦታ ነው። «ጎንዶር» ማለት የድንጋይ አገር ከሆነ፣ ያንኑ ሐሳብ በግዕዝ «ምድረ እብን» ማለት ይቻላል። በዚህ መንገድ አገሮች በ«ምድረ»፣ ወንዞች በ«ፈለገ» ቢጀምሩ አንባቢው ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ሕጉን ያውቀዋል። ጥንቃቄም ያሻል፤ ተራሮቹ ሁሉ «ደብረ» ከተባሉ በአንባቢው ጆሮ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። ደራሲው ይህን ፈልጎት ከሆነ መልካም ነው፤ ሳያስበው ከሆነ ስሙ ታሪኩን ይሰርቅበታል። ከአገውኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከሲዳምኛና ከሌሎቹም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሥር የሚቆፍር ደራሲ ደግሞ በመጀመሪያ ከተናጋሪዎቹ ዘንድ ቁጭ ብሎ ይማር፤ የጀግናንም ስም እንጂ የአውሬን ብቻ አይዋስ።

ከእነዚህ ነገሮች የሚወጣው ግዴታ ግልጽ ነው። ደራሲ የምናብ ዓለሙን ከመጻፉ በፊት የስሞቹን ሕግ ይጻፍ፤ ሥሩን፣ ትርጉሙንና ድምፁን ያስቀምጥ፤ ለአንባቢ ባያሳየውም ራሱ ይወቀው። ተርጓሚ ከቶልኪን ይማር። ቶልኪን የሆላንድና የስዊድን ተርጓሚዎች ስሞቹን እንዳሻቸው በማድረጋቸው አዝኖ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተርጓሚዎች የስሞች መመሪያ ጽፏል፤ መመሪያው ከሞቱ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ፍሬ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በመጽሐፉ ሰዎች የዕለት ተዕለት ቋንቋ ትርጉም ያለው ስም በትርጉሙ ይመለስ፤ የባዕድ ቋንቋ የሆነው ስም ግን እንዳለ ይቀመጥ። በዚህ መሠረት ጎንዶር በአማርኛም ጎንዶር ሆኖ ይቀራል። ከረጢት ከሚል ቃል ጋር የተያያዘውን የሆቢቶቹን የቤተሰብ ስም «ባጊንስ» ብሎ መጻፍ ግን ለአማርኛ አንባቢ ቀልዱንም ሙቀቱንም ቀብሮ ማቅረብ ነው። ፊደልን መገልበጥ ትርጉም አይደለም።

መምህር በበኩሉ የተማሪዎቹን ጆሮ ያሰልጥን። ተማሪ «ጎንዶር ከጎንደር ተወሰደ» ሲለው አያሳፍረው፤ «በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቀው። ያ አንድ ጥያቄ ተማሪውን ወደ መጽሐፍ፣ ወደ ዘመን ቍጥር፣ ወደ ቋንቋ ሥር ይመራዋል። ሐያሲም የአንድን የምናብ ልብ ወለድ ሤራና ገጸ ባሕርይ መርምሮ ስሞቹን ሳይነካ ማለፍ የለበትም፤ ስም የማይመረምር ሂስ መሠረቱን ሳያይ ጣሪያውን የሚያደንቅ ነው።

በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የተሰየመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነው። ያ ስያሜ ማንም ሳያስረዳው የሚገባ፣ ከቋንቋው ሥጋ የተቆረጠ በመሆኑ ዛሬ ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከልብ የሚወለድ ታሪክ ስሙም ከልብ ቢወለድ ይገባዋል። የጎንዶር ባለቤት አገሩን ከገዛ ቋንቋው ድንጋይ ገነባ፤ የአማርኛ ደራሲም ግንቡን መመኘት ትቶ ድንጋዩን ይቁረጥ።